በወንፈል የተማርነው ትምህርት

እኔ ስፈጠርም ቁጭ ማለት አልሆነልኝም። ሳስተምር ከሰሌዳው እስከ በሩ እመላለሳለሁ፤ ተማሪዎቼ እኔን ሲከተሉ አንገታቸውን ያማቸዋል። ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ሦስት ሥራ እጀምርና አንዱንም አልጨርስም። እንዲህ ያለችው ሴት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ዲግሪ ልትማር ነው ሲባል፣ ዳንግላ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያን ዲግሪ ለምን እንደምፈልገው የማውቀው እኔ ነበርሁ።

ወጣት ሳለሁ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኢኮኖሚክስ እማር ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ እናቴን ስትሮክ መታትና ግራ እጇና ግራ እግሯ አልታዘዝ አሏት። አባቴ ቀድሞ ሞቷል፤ ከእኔ ሌላም ልጅ የላትም። ሻንጣዬን ይዤ መጣሁ። ለአንድ ወር ብዬ ነበር የመጣሁት። ወሩ ዓመት ሆነ፤ ዓመቱም ሌላ ዓመት አስከተለ። በኋላ ቅርብ ካለ ኮሌጅ የመምህርነት ዲፕሎማ ወሰድሁና እዚያው ዳንግላ አምስተኛ ክፍል ማስተማር ጀመርሁ።

አዝኜ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ለእኔ አልፎልኛል። ያላለፈላት እናቴ ናት። ሰው ሊጠይቃት በመጣ ቁጥር፣ እንግዳው ገና ወንበር ሳይስብ፣ «እችን ልጅ ያስቀረኋት እኔ ነኝ» ትላለች። የጎረቤት ልጅ ተመርቆ ፎቶውን ሊያሳያት ሲመጣ ፎቶውን ትስምና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። አንድ ጊዜ፣ «እግዜር ያኔውኑ ቢወስደኝ ትጨርሽ ነበር» ስትለኝ እጄ ላይ የነበረውን ሳህን ወረወርሁት። ሳህኑ ፕላስቲክ ስለነበር አልተሰበረም፤ ይኸም ራሱ አናደደኝ። እንግዲህ ዲግሪውን የፈለግሁት ለደረጃ እድገት ብቻ አልነበረም። እሷ በሕይወት ሳለች ያን ንግግር ከአፏ ላስጥላት ፈልጌ ነው።

ዕድሉ የመጣው ቴሌግራም በየሰዉ ስልክ በገባበት ሰሞን ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ዲፕሎማ ያለን መምህራን ሥራችንን ሳንለቅ በኢንተርኔት ዲግሪ የምንማርበትን መንገድ ሊሞክር ተነሣ። ማብራሪያው የተሰጠን እንጅባራ ነው። ከዩኒቨርሲቲው የመጣው ወጣት አስተማሪ ለብርዱ እንግዳ ነበር፤ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ እጆቹን እያሻሸ ነበር የሚያወራው። «በፈለጋችሁት ሰዓት፣ በፈለጋችሁት ቦታ፣ በራሳችሁ ፍጥነት» አለን። ደግሞም ትምህርቱ ለሁላችንም አንድ ዓይነት አይደለም። መልሳችንን እያየ እያንዳንዳችንን ይለካል፤ የምናውቀውን ያስዘልለናል፣ የከበደንን ይደግምልናል። «ልብስ ሰፊ በሉት፤ ለእያንዳንዱ ሰው በቁመቱ» አለ። አጨበጨብን። እኔማ «በራሳችሁ ፍጥነት» የምትለዋን ስሰማ፣ በስተመጨረሻ የእኔን ልክ የሚያውቅ ተገኘ ብዬ ነበር።

ማስጠንቀቂያም ነበረው። የመጀመሪያውን መንፈቅ ያላለፈ ሰው ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። እሱን ሲናገር ግን ሰዉ ምሳ ደርሶ እንደሆነ በሩን በሩን እያየ ነበር።

ዳንግላ ተመልሼ «የፈለግሁት ሰዓት» የትኛው እንደሆነ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ጠዋት እናቴን አነሣለሁ፣ አጥባለሁ፣ አበላለሁ። ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ገበያ፣ ከዚያ ቤት። ልክ ስቀመጥ መብራት ይጠፋል፤ መብራቱ ሲመጣ ኔትወርኩ ይሄዳል፤ ሁለቱም ሲገጥሙ ደግሞ ጎረቤቴ «ቤቶች!» ብላ ትገባለች። በማንኛውም ሰዓት መማር ትችያለሽ ማለት፣ ማንም ሰው በማንኛውም ሰዓት ሊያስነሣሽ ይችላል ማለት መሆኑን ያ ጃኬቱን የዘጋ ልጅ አልነገረንም። ያኔ መደበኛ ተማሪ ሳለሁ መምህሩ ገብቶ በሩ ሲዘጋ ሌላው ነገር ሁሉ ውጭ ይቀር ነበር። አሁን የሚዘጋ በር የለኝም።

ከትምህርት ቤታችን የተመዘገብነው ሦስት ነን። አንደኛው የሒሳብ መምህሩ ናቸው፤ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው። ሁለተኛዋ በቅርቡ ከኮሌጅ የወጣች፣ ግምጃ ቤት ከሚባለው ከተማ አጠገብ ካለ ገጠር የመጣች የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። ከቤተሰቦቿ ጋር በስልክ በአዊኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ታወራለች፤ በሦስቱም ቀስ ብላ ነው። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ላፕቶፕ ያላቸው ጋሼ ብቻ ነበሩ። ኔትወርኩ ደግሞ ሻል የሚለው ከግቢው ጥግ፣ ባሕር ዛፎቹ አጠገብ ያለው ክፍል ውስጥ ነው።

ሐሳቡን ያመጡት ጋሼ ናቸው። አንድ ቀን ተማሪ ከወጣ በኋላ ሦስታችንም በየስልካችን ኔትወርክ ስንለምን አይተውን ሳቁ።

«እኔ እምለው፣ ለየብቻችን ከምንቃጠል ወንፈል ብንገባስ?» አሉ።

ወንፈል እኛ አገር ማስረዳት የማያስፈልገው ነገር ነው። ዛሬ ያንተን እናጭዳለን፣ ነገ የእኔን፣ ከነገ ወዲያ የእሷን። ማሳው የባለቤቱ ነው፤ ማጭዱ ግን የሁሉም ነው። ይኸን ነዶ ያጨደው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ ጤናውን ነው የምንጠራጠረው።

እንደዚያው አደረግን። ሰኞ የጋሼ ቀን፣ ረቡዕ የልጅቷ፣ ዓርብ የእኔ። ባለተራው በራሱ ስም ይገባል፤ ሦስታችንም ላፕቶፑን ከበን እንቀመጣለን። ሒሳብ ሲመጣ ጋሼ ይመልሳሉ። እንግሊዝኛ ሲመጣ ልጅቷ። የሥነ ትምህርትና የሥነ ልቡና ጥያቄ ሲሆን፣ ወይም በረጅሙ ጻፉ ሲባል፣ እኔ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን ሥራውን አቀላጠፍነው። ኩረጃ ነው ብለን ለአንድ አፍታ እንኳ አላሰብንም፤ እውነቴን ነው። ኩረጃ ማለት ተሸሽጎ መስረቅ ነው። እኛ በሩን ከፍተን፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን፣ ርእሰ መምህሩ በመስኮት እያየን ነበር የምንሠራው። እንዲያውም «ጎሽ! እንዲህ ተጋገዙ» ብሎናል።

ሒሳቡን እኔም ልሞክረው እችል ነበር። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ከሒሳብ ጋር ባዳ አይደለም። ነገር ግን ስንት ዓመት የአምስተኛ ክፍል ክፍልፋይ ብቻ ሳስተምር ሌላው ሁሉ ከራሴ ወጥቶ ሄዷል። መልሼ ላስታውሰው ብል ጊዜ ይበላል፤ ጋሼ ደግሞ ጥያቄውን ገና ሲያዩት ነው መልሱ የሚመጣላቸው። ምን ቤት ነኝ ብዬ ልጨነቅ?

ልጅቷ ግን ታቃጥለኝ ነበር። ጋሼ መልሱን ነግረውን ልናልፍ ስንል፣ «ጋሼ፣ እንዴት እንዲህ ሆነ?» ትላለች። ጋሼም ደስ ይላቸውና ጠመኔ ያነሣሉ። በዚህ ጊዜ እኔ እነሣለሁ፣ መስኮቱ ጋ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ወንበሬን እጎትታለሁ።

«መብራቱ ሳይጠፋ እንቀጥል እባካችሁ!» እላለሁ።

«አንች ልጅ፣ ከሥርሽ እሳት አለ እንዴ?» ይሉኛል ጋሼ ጠመኔውን ሳያስቀምጡ።

«ትንሽ ታገሽኝ እታለም» ትለኛለች ልጅቷ፣ ቀስ ብላ፤ ይኸው ቀስ ማለቷ ይብስ ያነደኝ ነበር።

ኮምፒውተሩም ይለካን ጀመር። በጥሩ ሁኔታ እየሄዳችሁ ነው፣ ይኸን ክፍል መዝለል ትችላላችሁ የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ብቅ ይላል፤ ልጅቷ ታነብልናለች። ሒሳቡ ከፍ አለ። እንግሊዝኛውም፣ ሥነ ትምህርቱም ከፍ ከፍ አሉ። የሦስታችንም እኩል ነበር የሚወጣው። እኔ ቤት ስገባ ለእናቴ፣ «ዛሬም አንድ ክፍል ዘለልሁ» እላታለሁ። እሷም በደህናው እጇ ታማትብና፣ «ዝለይ ልጄ፣ ዝለይ» ትለኛለች። ለጠያቂዎቿም ነገረቻቸው። አንዷ ጎረቤታችን መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ ስፖርት ጀመርሽ አሉ ብላ ጠየቀችኝ።

ትንሽ ቆይቶ ነው ነገሩ የከነከነኝ። አንድ ዓርብ፣ ሁለቱ ሻይ ሊጠጡ ወጥተው እኔ ብቻዬን ስጠብቃቸው፣ በስሜ የተዘጋጀውን የትምህርት መንገድ ከላይ እስከ ታች አየሁት። ኮምፒውተሩ አንዲት ሴት አውቋል። ሒሳብ እንደ ጋሼ የምታውቅ፣ እንግሊዝኛ እንደ ልጅቷ የምታነብ፣ እንደ እኔ ደግሞ የምትጽፍ ሴት። የምትጠራው በእኔ ስም ነው። እንደ እሷ ያለች ተማሪ በአካባቢያችን ያለች አይመስለኝም። ቀናሁባት። ትምህርቱ ሁሉ የሚሰፋው በእሷ ቁመት ነበር፤ እኔ ብለብሰው መሬት ይጎትታል።

ያን ዕለትም ግን ብዙ አልደነገጥሁም። ወንፈሉ እስካለ ምን ይመጣብኛል አልሁ። ሁለቱ ሲመለሱ የቀረውን ጨረስንና ወደየቤታችን ገባን።

ወንፈሉ የፈረሰው በደስታ ነው። ልጅቷ ከብዙ ጊዜ በፊት የጠየቀችው ዝውውር ተፈቀደላትና ጫግኒ ተመደበች፤ እጮኛዋም እዚያ ነበር። መርቀን ሸኘናት። ጋሼ አውቶቡሱ መስኮት ላይ ሳይቀር ሒሳብ ሲያስረዷት ነበር። በዚያው ሳምንት ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ መልእክት መጣ። የመንፈቁ ፈተና እንጅባራ ባለው ማዕከል፣ በአካል፣ እያንዳንዱ ለብቻው ተቀምጦ ነው። ሰዉ ሲንጫጫ ጊዜ ያ ወጣት አስተማሪ ሊያረጋጋን ሌላ ጻፈ። «አትስጉ፤ ጥያቄው በየአቅማችሁ ነው የሚመጣው። ሲስተሙ እስካሁን በደንብ አውቋችኋል።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። መልሼ አነሣሁትና እንደገና አነበብሁት። ወደ ጓሮ ወጣሁ፣ ምን ልሠራ እንደወጣሁ ጠፋኝ፣ ተመልሼ ገባሁ። በደንብ አውቋችኋል! እናቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና፣ «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ምንም አልሁ።

በማግስቱ ጋሼን ክፍላቸው ድረስ ሄጄ ያዝኋቸው።

«ጋሼ፣ ምን ይሻለናል? የእርስዎ ሒሳብ ለእኔ ሊመጣብኝ ነው።»

«የልጅቷ እንግሊዝኛ ለእኔ ሊመጣብኝም አይደል?» አሉ። «እኔማ አንዱን ጥያቄ አንብቤ እስክጨርስ ጡረታዬ ይደርሳል።»

መላ የመቱትም እሳቸው ናቸው። አዋቂ ናችሁ ካለን አላዋቂነታችንን እናሳየው አሉ። ያን ቀን ላፕቶፑን ከፍተን በስሜ ገባንና፣ የመጣውን ጥያቄ ሁሉ እያወቅን በስሕተት መለስን። መሳሳት እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር። ትክክለኛውን እየለየን ከእሱ እንሸሻለን። ጥቂት እንደሄድን ስክሪኑ ላይ አንድ ጽሑፍ መጣና ትምህርቱ ተዘጋ።

«ምን ይላል?» አሉኝ ጋሼ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

«የደከመሽ ትመስያለሽ፣ ዕረፍት አድርጊና ነገ ተመለሽ ይላል።»

ጋሼ ሳቁ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። «እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያለ አሳቢ አላጋጠመኝም» አሉ። እኔ አልሳቅሁም። የዴስኩን እግር በእርግጫ መታሁትና ጣቴን ያዝሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ እኔም አላውቀው። የላይኛውን ትምህርት እከፍታለሁ፤ የተዘለለውን እንዳወቅሁት ቆጥሮ ነው የሚያስተምረኝ። ወደተዘለለው እመለሳለሁ፤ እሱ ደግሞ ለአዋቂ የተዘጋጀ አጭር ማስታወሻ ብቻ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚሉት እኔን ነው። በአንድ እጄ ወጥ እያማሰልሁ በሌላው ስልክ ይዤ አጠናለሁ፤ ወጡም አረረ፣ ጥናቱም አልገባም። ጋሼ በዕረፍት ሰዓት ሊያስረዱኝ ይሞክራሉ፤ እኔ ቆሜ፣ አንዳንዴም እየተራመድሁ እሰማቸዋለሁ። አንዳንድ ጊዜ አንድ ነገር ከሩቅ ትዝ ይለኛል። አንድ ቀመር፣ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሆኜ እሱን ስፈታ የተሰማኝ ደስታ። ልይዘው ስል ደወል ይደወላል፤ ወይም እናቴን የማነሣበት ሰዓት ይደርሳል። ሰው ቀና ብሎ ሲያናግረኝ እቆጣለሁ። ተማሪዎቼ እንኳ ያን ሰሞን ጥያቄ መጠየቅ ትተው ነበር።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ከጋሼ ጋር ሚኒባስ ተሳፈርን። መንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል፤ ጉሙ ገና አልተነሣም። ጋሼ ከወረቀት ላይ የእንግሊዝኛ ቃላት ያነበንባሉ፤ ከፊታችን የተቀመጡ ቄስ ዳዊት እየደገሙ መስሏቸው ዞር ብለው አዩአቸው። እኔ ረዳቱን ስንት ጊዜ «ለምን ቆምን?» እንዳልሁት እንጃ። እንጅባራ ስንደርስ ካፊያ ጀምሮ ነበር። የቀርከሃ ወንበር ሻጮች ዕቃቸውን በላስቲክ እየሸፈኑ ነው። ባጃጅ ይዘን ማዕከሉ ስንደርስ ልጅቷን በሩ ላይ አገኘናት። የጫግኒ ሙቀት አታሏት ስስ ሹራብ ለብሳ መጥታ ትንቀጠቀጣለች። ተሳሳምን። ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው ደረቡላት።

ለየብቻ አስቀመጡን። ሥነ ትምህርቱ ቀላል ነበር፤ እንግሊዝኛውንም እንደምንም ተወጣሁት። ከዚያ ሒሳቡ መጣ። የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብሁት፤ ቃሉን ሁሉ አውቀዋለሁ፣ ነገሩን ግን አላውቀውም። ገመትሁ። ሁለተኛው ትንሽ ለዘብ ያለ ነበር፤ እሱንም ገመትሁ። ሦስተኛው ደግሞ ይበልጥ ለዘበ። ያን ጊዜ ገባኝ። በተሳሳትሁ ቁጥር አንድ ደረጃ እያወረደ ልኬን እየፈለገ ነው። ያችን ጎበዝ ሴት አጥቷታል፤ የት ሄደች እያለ ይመስለኝ ነበር የሚጠይቀኝ። ወረድን፣ ወረድን። መጨረሻ ላይ አንድ የክፍልፋይ ጥያቄ መጣ፤ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ዓይነት። ዘመድ ያገኘሁ ያህል ፈገግ አልሁለት። መለስሁት። ከዚያ ጥቂት ወጣሁና እዚያው አካባቢ ስዳክር ሰዓቱ አለቀ።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። እኔን ሒሳብ ጣለኝ፤ ጋሼን እንግሊዝኛ። ልጅቷ ሁሉንም አልፋለች፤ ሒሳቡንም ጭምር። ለካስ ያን ሁሉ ጊዜ «እንዴት እንዲህ ሆነ?» ስትል እየተማረች ነበር። አቅፌ ሳምኋት። ነደደኝም። እስካሁንም ድረስ ሙሉ በሙሉ ይቅር ያልኋት አይመስለኝም።

ወጣቱ አስተማሪ ጠራኝ። የእኔን ገጽ ከፍቶ ግራ በመጋባት ያየዋል።

«ምን እንደተፈጠረ ሊገባኝ አልቻለም» አለኝ። «መንፈቁን ሙሉ ከሁሉም በላይ ነበሩ እኮ።»

«እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሦስት ነበርን» አልሁት።

«ሦስት ማለት?»

«ወንፈል ገብተን ነው።»

የከተማ ልጅ ነው፤ አላወቀውም። ስለ አጨዳው፣ ስለ ሰኞና ረቡዕ፣ ስለ ጋሼና ስለ ልጅቷ ሁሉንም ነገርሁት። ሲሰማኝ ቆየና ሁለት እጁን ከኪሱ አውጥቶ ፊቱን ሸፈነ። እየሳቀ ይሁን ሌላ አልለየሁትም።

«ይኸ እኮ የተሠራው አንድን ሰው ለብቻው እንዲያውቅ ነው» አለ።

«እኛ ደግሞ ለብቻ መሥራት አልለመድንም። አልደበቅነውም፤ የጠየቀንም አልነበረም» አልሁት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ልጁ ምንም ሳይበድለኝ።

ቆየት ብሎ፣ መንፈቁ እንደሚሰረዝ፣ ግን የመጀመሪያ ዙር በመሆናችን እኔና ጋሼ ብቻችንን ተለክተን እንደገና እንድንጀምር ሊያስፈቅድልን እንደሚሞክር ነገረኝ። «ሒሳቡን ግን ከሥር ነው የሚጀምሩት» አለኝ፤ አፍሮልኝ መሰለኝ ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ አላነሣም። ጋሼ ይኸን ሲሰሙ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ፊደል መቁጠር አያቅተኝም ብለው ኮታቸውን ከልጅቷ ተቀበሉ።

ወደ ዳንግላ ስንመለስ ጋሼ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ ጥፍሬን እየበላሁ ለእናቴ የምላትን አዘጋጃለሁ። ቦታዬ ስለመያዙ ገና እርግጠኛ አይደለሁም። መውደቄን ስትሰማ የምትለውን ግን በደንብ አውቀዋለሁ። እኔን ስታስታምሚ ነው፣ ሁለተኛም እኔው ነኝ ያስቀረሁሽ ትላለች። እስከዛሬ አንድ ነበር ሸክሟ፤ እኔ ሄጄ ሁለተኛ ልጨምርላት ነው። ላቀልላት ብዬ የጀመርሁት ነገር መሆኑን ሳስብ ከሚኒባሱ ወርጄ በእግሬ መሮጥ አማረኝ።

ጎረቤቴ እናቴን አጥባ፣ ንጹሕ ቀሚስ አልብሳ፣ በትራስ ደግፋ አስቀምጣታለች። ስገባ ጎረቤቴ ፊቴን አየችና ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

«አለፍሽ?» አለችኝ እናቴ።

«አላለፍሁም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያን ንግግር ልታመጣው ነው። እኔ ቀደምኋት።

«ሒሳብ ነው የጣለኝ። ሌላውን ሁሉ አልፌያለሁ። ሒሳብ ብቻ ነው።»

ወደ እኔ ዞረች።

«እኔን ስታነሽ ስታስተኝ ጊዜ አጥተሽ አይደለም?»

«ኧረ አይደለም እማዬ። ጊዜስ ነበረኝ። አይገባኝም። ሒሳብ የሚባል ነገር አይገባኝም።»

ጣሪያውን ትክ ብላ አየች። አንድ ነገር እያሰበች እንደሆነ ከከንፈሯ አየሁ፤ ልትናገረው ፈርታዋለች።

«ይኸ ነገር» አለች በመጨረሻ፣ «ያኔም፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለሽም እንዲህ ያደርግሽ ነበር?»

ወዴት እየሄደች እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ቆሜ ነበር፤ ቁጭ አልሁ። ያኔማ ሒሳብ የእኔ ነበር። ከክፍላችን ሴቶች የሚቀድመኝ አልነበረም፤ ወንዶቹም አስረጅን እያሉ ይከተሉኝ ነበር። ከዚያ ዘመን የቀረኝ ኩራት እሱ ብቻ ነው። ለማንም አላወራውም፤ ግን ሆድ ሲብሰኝ ብቻዬን አስታውሰዋለሁ። ሒሳቡን የበላው እዚህ አልጋ አጠገብ ያለፈው ዘመን ነው፤ እውነቱ ይኸ ነበር። እናቴ ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። ደህናው እጇ ብርድ ልብሱን ጨምድዶ ይዟል።

«አዎ» አልኋት። «ያኔም እንዲሁ ነበር። እንዲያውም በአንች ሕመም ባልመጣ ኖሮ ሊያባርሩኝ ነበር። አፍሬ ነው ያልነገርሁሽ።»

«ወይ ጉድ!» አለች። «ወይ ጉድ! ይኸን ሁሉ ዓመት!»

ከዚያ ሳቀች። የምትስቀው በግማሽ ፊቷ ነው፤ ግን ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፣ እንባዋም ወረደ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያን ቀን ከመለስሁት መልስ ሁሉ ግን የከበደኝ ያ «አዎ» ነው።

ወሬው ቶሎ ተዳረሰ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር እናቴ፣ ልጄ ሁሉን ትችላለች፣ ሒሳብ ብቻ አልሰጣትም እያለች በፈገግታ ታጫውታለች። ጠያቂዎቹም ወደ እኔ እያዩ አይዞሽ ይሉኛል። ምላሴን ነክሼ ወጥ አወጣለሁ።

ፈቃዱ መጣና እንደገና ጀመርሁ። በዚህኛው ብቻዬን ነኝ፤ ስልኬን ይዤ ከእናቴ አልጋ አጠገብ። ኮምፒውተሩ ለካኝና ከክፍልፋይ አስጀመረኝ። አልዘለለኝም። አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን አይሰጠኝም፤ እኔ ስቸኩል እሱ ይደግምልኛል። እንነታረካለን፤ ቁጭ ብድግ እላለሁ፤ ግን እሄዳለሁ።

እናቴ ያለፈውን ዘመን ሁሉ እኔ ወረቀት ሳርም ወይም ሳነብ አንድ ቀን ጠርታኝ አታውቅም። የተኛችበት ጎን ቢቆስልም ጥርሷን ነክሳ እኔ እስካስታውሳት ትጠብቃለች፤ ሳገላብጣት ደግሞ ይቅርታ ትጠይቀኛለች። ይኸ ልማዷ ከማንኛውም ነገር በላይ ይከብደኝ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከብዙ ትግል በኋላ አንድ ጥያቄ ሊፈታልኝ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ ከአልጋው ድምፅ መጣ።

«አንች! ተይው እሱን፣ መቼም አይሆንልሽ። ነይ አገላብጭኝ፤ ጎኔ ዝሏል።»

ስልኩን ወንበሩ ላይ ጥዬ ሄድሁና አገላበጥኋት።